ለአቡሽ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት

ለምወድህ ወንድሜ ለአቡሽ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ የመንገድ ሥራ ካምፑ ከነፋሱ በቀር የሚያስቸግር ነገር የለውም። ሰላምታዬን ለደንቡ ያህል ብቻ እንዳታደርገው፤ ሞተር ከገዛህ ወዲህ ጉልበትህንና ክርንህንም ጭምር ነው የምጠይቀው።

እማዬ ስትደውል «ሞተሩን ሽጥ በይልኝ» አለችኝ። አልልህም። የቤት ኪራይህን በምን እንደምትከፍል አውቃለሁ፤ ሽጥ ብልህም አትሸጥም። የምለምንህ ሌላ ነው፦ ክረምት ሊገባ ነውና መኪናውን የምታየውን ያህል መንገዱንም እይ። እናንተ ሞተረኞች የሹፌር ክፋት ስታወሩ ታመሻላችሁ፤ አስፋልቱን ግን ጉድጓድ ካልሆነ አታነሡትም። ጉድጓድ እንኳ ይታያል። እኔን የሚያስፈራኝ ለጥ ብሎ የሚያብረቀርቀው ነው።

እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ የመንገድን ልሙጥነት የምንለካበት ፔንዱለም የሚባል መሣሪያ አለን። ክንዱ ጫፍ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አለው። አስፋልቱን ውሃ እናጠጣና ክንዱን ከላይ እንለቀዋለን፤ ላስቲኩ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መንገዱን ፍቆ ወደ ማዶ ይወጣል። መንገዱ ሸካራ ከሆነ ይይዘዋል፣ ብዙም አይወጣም፤ ልሙጥ ከሆነ ሽቅብ ይወነጨፋል። ከዚያ መርፌው የቆመበትን ቁጥር እናነባለን። በድሮው የእንግሊዞች መመሪያ አደባባይና ጠባብ ኩርባ ቢያንስ 65፣ ተራ መንገድ 45 ማምጣት ነበረበት። ውሃ የምናፈስበት ለምን መሰለህ? በደረቁማ አብዛኛው መንገድ ያልፋል።

የአስፋልቱ ጠጠር ፊቱ ላይ በጣት የሚታወቅ ጥቃቅን ሻካራነት አለው፤ ውሃውን ሰንጥቆ ጎማህን የሚይዝልህ እሱ ነው። በጠጠርና በጠጠር መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ውሃው የሚሸሽበት ነው። ጎማ በበዛ ቁጥር ጠጠሩ እየተሞረደ ይሄዳል። አንድ ቀን ሞተርህን አቁምና የመንገዱን ጠርዝ በመዳፍህ ዳሰው፤ ከዚያ መኪና በሌለበት ሰዓት ጎማ የሚሄድበትን መስመር ዳሰው። እጅህ ራሱ ይነግርሃል። ፍሬን የሚበዛበት የትራፊክ መብራትና የአውቶቡስ ማቆሚያ አካባቢ ደግሞ ይብሳል። ሬንጅ የበዛበት መንገድም ሌላ ጣጣ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ሬንጁ ወደ ላይ ይወጣና ጠጠሩን ይሸፍነዋል። ቀን ላይ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካየህ በልብህ ያዘው፤ ማታ በዝናብ አይታይህም።

መኪና ሲንሸራተት ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ነው። አንተ የፊት ጎማህ ከተቆለፈ መሬት ላይ ነህ። ሁለቱ ጎማዎችህ ተደምረው መንገዱን የሚነኩት ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ነው፤ ለፍሬንም ለመታጠፍም ያለችህ ያችው ናት። ኩርባ ውስጥ ጋደል ብለህ ሳለ ፍሬን ከያዝክ ለሁለቱ አትበቃም። ፍሬንህን ገና ቀጥ እንዳልክ ጨርስና ታጠፍ። የፊቱን ፈርተህ የኋላውን ብቻ እንደምትረግጥ አይቻለሁ። ስትቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው፤ ቀስ ብለህ ጀምርና እያጠበቅህ ሂድ እንጂ አትጨብጠው። አውሮፓ ውስጥ ከ2016 እ.ኤ.አ. አንስቶ ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ አዲስ የሚወጡ የሞተር ሞዴሎች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ኤቢኤስ እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጓል። ያንተ ሞተር ከጣትህ በቀር ኤቢኤስ የለውም።

ቁጥር ትወዳለህና ልንገርህ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅብህ 14 ሜትር አልፈሃል። ከዚያ ለመቆም በደረቅ አስፋልት ሌላ 14 ሜትር ገደማ ይበቃሃል፤ በእርጥብ ወደ 25 ይጠጋል፤ መንገዱ የተሞረደ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ፍጥነትህን በግማሽ ብትቀንስ ግን የፍሬኑ ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ ለሜዳ ነው፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ ቁልቁለቱን ጨምርበት።

ዜብራውና የማንሆል ክዳኑ ሲደርቁ ምንም አይሉህም፣ ሲረጥቡ ሳሙና ናቸው። ቀጥ ብለህ እለፋቸው፤ እላያቸው ላይ ፍሬን አትያዝ። ናፍታ ደግሞ እንደ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ አይጠፋም። ጢም ብሎ የተሞላ ሰልባቲዮ ያለው ከባድ መኪና አደባባይ ሲዞር ያፈስሳል፣ ልክ አንተ በምትጋደልበት ቦታ። ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካየህ ወይም ናፍታ ከሸተተህ ነዳጅ ቀንስ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የመጀመሪያውን ካፊያ ፍራ። በበጋ የተጠራቀመው ዘይት፣ አቧራና የጎማ ብናኝ በካፊያ ይላቆጣል እንጂ አይታጠብም፤ የሚጠርገው ረዘም ያለ ዶፍ ነው። ስለዚህ ካፊያው ሲጀምር ያገኘኸው ጣሪያ ሥር ቆመህ ማኪያቶህን ጠጣ። የሚከፈልህ በትዕዛዝ ቁጥር እንደሆነ፣ ደንበኛውም «የት ደረስክ?» እያለ እንደሚደውል አውቃለሁ። ይደውል። ሽሮውም ይቀዝቅዝ።

የሙያ ጓደኞቼንም አልምርም። የዜብራ ቀለም ሲቀባ ሸካራ ብናኝ ሊበተንበት ይችላል፤ የማንሆል ክዳንም ከኩርባ ውጭ ሊቀመጥ ይችላል። ግን ፕላኑን የሚሠራው ሰው መኪና ነው የሚነዳው። ስብሰባ ላይ ባነሣሁት ቁጥር «ሞተረኛው ቀስ ይበላ» ይሉኛል። ቀስ በል ማለቱንማ እኔም አላጣሁትም፤ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ግን ቀስ ብሎም እርጥብ ብረት ላይ ይወድቃል።

የላክሁልህ ብር ለፊት ጎማ ነው። ጥርሱ ማለቁን ባለፈው ፎቶ ላይ አይቻለሁ፤ አንተ ልታሳየኝ የፈለግኸው መነጽርህን ነበር። ጎማ ተራ ስትሄድ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብብ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መንገድ አይይዝም። ነጋዴው «አዲስ ነው» ካለህ ቁጥሩን አሳየው። ከተረፈህ ለእማዬ ቡና ግዛላት፤ ሞተሩን እንዳልሸጥክም ያኔ አንተው ንገራት፣ እኔ አልችላትም።

እህትህ