«ገባችሁ?»

ዛሬ ፖለቲካውን ትቼ ስለ እንጀራዬ ልጻፍ።

ሥራዬ አሰልጣኞችን ማሰልጠን ነው። በተለምዶ «ቲኦቲ» የምንለው። አትላስ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ባነር ተሰቅሎ፣ በየሰዉ ፊት የታሸገ ውሃ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀምጦ ካያችሁ፣ ማይክ የያዘው ሰውዬ እኔ ልሆን እችላለሁ። ዓመታት ኖሬበታለሁ። በግምገማ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ሳልባል የወጣሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ 28 ሰዎችን በሥራ ደህንነት ላይ ለ3 ቀን አሰለጠንኩ። ወደየቤታቸው ተመልሰው ሠራተኛውን እንዲያሰለጥኑ ነው። 94 ስላይድ ነበረኝ። በየምዕራፉ መጨረሻ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «አዎ!» ይላሉ። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲመጣ አስነስቼ አስጨበጭባቸዋለሁ። (አንድ ጊዜ የጡረታ ዕድሜያቸው የደረሰ የጥገና ኃላፊን እንደ ዶሮ ክንፍ አስመትቻቸዋለሁ። እስካሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን በትህትና መቱ።) ሰርተፍኬት ሰጠን፣ የቡድን ፎቶ ተነሳን፣ ተለያየን።

ከወራት በኋላ ከሰልጣኞቹ የአንዱን ፋብሪካ የማየት ዕድል ገጠመኝ። ሊጥ የሚያቦኩ ትልልቅ ማሽኖች ያሉበት ነው። ልጁ ስልጠናውን ለሁሉም ሠራተኛ እንዳደረሰ በኩራት ነገረኝ፤ የተፈረመበትን የስም ዝርዝርም አሳየኝ። ማሽኑ አጠገብ የቆመችውን ወጣት «እህቴ፣ ሊጥ ሲጣበቅበት እንዴት እንደምታጸጂው እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ማሽኑን በቁልፉ አቆመችና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ወደ ውስጥ ሰደደች። ዋናው ኃይል አልጠፋም፣ የተቆለፈ ነገር የለም። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ሳያያት ቁልፉን ቢነካው ክንዷ የለም ማለት ነው።

«እጅሽን!» ብዬ ጮህኩ። ደነገጠች። «ስልጠና ወስጃለሁ እኮ ጋሼ» አለችኝ።

ውሸቷን አይደለም፣ ፊርማዋ አለ። ልጁን ገለል አድርጌ ምን እንዳስተማራቸው ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩን ከፈተ። የኔው 94 ስላይድ፣ እንግሊዝኛው እንኳን ሳይተረጎም። ግድግዳ ላይ አብርቶ አንብቦላቸዋል፣ «ገባችሁ?» ብሏል፣ «አዎ» ብለዋል። ልቆጣው ስል «ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሰለጠኑን ነው ያሰለጠንኩት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሰጠሁትን አንድም ሳያጎድል አድርሷል። ለ3 ቀን ያየው ስለ ደህንነት የሚናገር ሰው ነው፤ ስለዚህ የተማረው ስለ ደህንነት መናገርን ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ሁሉ አበልን ይወቅሳል። እኔ አልስማማም። ከቤቱ ርቆ የመጣ ሰው መብላትና ማደር አለበት። ሰልጣኙ ለአበሉ ቢመጣም፣ አዳራሹ ከገባ በኋላ ያለው ሰዓት የኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የድሮ ነገር ማገላበጥ ጀመርኩ። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ ገብቶ የማያውቅን ሕዝብ በፍጥነት ማሰልጠን ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 በቆየው ፕሮግራማቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ የሥራ ኃላፊዎች አለፉ። ኮርሱ 10 ሰዓት ብቻ ነው፣ በ5 ቀን ተከፋፍሎ፣ በቡድን ወደ 10 ሰው። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ የኤሌክትሪክ ገመድ አቋጣጠር ለአንድ ሰልጣኝ በቃል ብቻ ይነግረዋል። ሰልጣኙ ያቅተዋል። ለሌላው ሳይናገር ያሳየዋል። እሱም ያቅተዋል። ከዚያ እያሳየ እየነገረው ያሠራዋል፣ ራሱ ሰልጣኙ ዋና ዋና ነጥቦቹን እየተናገረ ደግሞ እንዲሠራ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከገዛ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሥራ ይዞ መጥቶ እዚያው ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይተቹታል። ከጦርነቱ በኋላ ይህ ዘዴ ጃፓን ገባ፣ ለካይዘንም አንዱ ምንጭ ሆነ። እኛ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁመን በየፋብሪካው ባነሩን ሰቀልን። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቤታችን ደርሷል። እኔ ግን ያነሳሁት ስላይዱን ብቻ ነው።

ያን ያህል ሩቅ መሄድም አላስፈለገኝም ነበር። ቅኔ ቤት ለዘመናት እንዲህ ነው የኖረው። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ሰምቶ ብቻ አይሄድም። ሜዳ ወርዶ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፣ ይነግራል፣ ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ያርመዋል፣ ሲያርም እሱም ማስተማር ይለምዳል። ማንም «ገባህ?» አይለውም። ቤት የሚመታ ቅኔ ይዞ ከመጣ ገብቶታል፣ ካልመጣ አልገባውም።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ከ12 ሰው በላይ አልቀበልም። አለቃና የበታች ሠራተኛ አንድ ቡድን ውስጥ አላስቀምጥም፤ የኛ ሰው አለቃው ፊት አልገባኝም አይልም። ጥያቄ ስጠይቅ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩበታል፣ አደባባይ ላይ ብቻውን ከመሳሳት ሁለት ሆኖ መሳሳት ይቀላል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ፣ በሠራተኛው ቋንቋ፣ ያለ ፕሮጀክተር ያስተምራል። መጥፋቱን ሳያረጋግጥ እጁን የሚሰድ ካለ እዚያው ያዩታል፣ እኔ ሳልሆን ጓደኞቹ ናቸው የሚጮሁበት።

ዋጋ አስከፍሎኛል። አንድ ደንበኛ «በአንድ አዳራሽ 40 ሰው ካልያዝክ ለሪፖርት አይመችም» ብሎ ተወኝ። እውነቱን ነው፣ ለሪፖርት አይመችም።

ባለፈው ወር እዚያው አትላስ የመጨረሻው ቀን ላይ የግምገማ ቅጹን ሰበሰብኩ። አንዱ ሰልጣኝ «አሰልጣኙ ብዙም አላስተማረም፣ ሥራውን ሁሉ የሠራነው እኛ ነን» ብሎ «መካከለኛ» ሰጥቶኛል። አዘጋጇ ቅጹን አይታ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ስላይዱን መቼ እንደምልክላት ጠየቀችኝ።