መምህሯ ዝም ያሉበት ክፍል

ማስትሪክት በኔዘርላንድስ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከቤልጂየም ድንበር አጠገብ ያለች፣ የማስ ወንዝ ለሁለት የሚከፍላት ከተማ ናት። የሕክምና ትምህርቷ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 የጀመረውን በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት ተቀበለች፤ ኋላም ወደ ሌሎች ትምህርት ክፍሎች አስፋፋችው።

የገባሁበት ክፍል ውስጥ ከ10 ጥቂት የሚበልጡ ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ ውይይቱን ትመራለች፤ አንዱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። የተሰጣቸው ግማሽ ገጽ የማይሞላ የአንድ አዛውንት ታሪክ ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። በሽታው አልተጻፈም። አንዱ ተማሪ «ኩላሊት ነው» አለ፤ ሌላዋ ተቃወመችው። መምህሯ ዝም። ክርክሩ ሲበርድ ብቻ «ውሃው ከደም ሥር እንዴት ወጣ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰ አልነበረም። ጥያቄው ሰሌዳው ላይ ሰፈረ፤ ተማሪዎቹም ይዘውት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ለየብቻ አንብበው በሚቀጥለው ስብሰባ እርስ በርስ ያስረዳሉ።

የመምህሯ ዝምታ ብዙ ሥራ ያለቀበት ነው። ታሪኩን መምህራን ተማክረው ጽፈውታል፤ «ማታ ማታ» የሚለው እንኳ ተማሪው ቀኑን ሙሉ መቆም እግር ላይ የሚያደርገውን እንዲያስብ ሆን ተብሎ የገባ ነው።

እኛ አገር «ተማሪ ተኮር» ስንል የጎደለን ይኸው ዝግጅት ነው። ተማሪዎች በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ የሌሎቹ ስም ሽፋኑ ላይ ይሰፍራል። ያንገበግበኛል። እነዚህ ልጆች ብቻቸውን ተተዉ እንጂ ራሳቸውን ችለው አልተማሩም። ከእንዲህ ያለው የቡድን ሥራ ጥሩ ሌክቸር በብዙ ይሻላል።

ማስትሪክትም ሌክቸርን አልጣለችም። ግን ተማሪው ከጥያቄው ጋር ታግሎ ስለሚገባ፣ መምህሩ ገና ሲጀምሩ እጆች ይወጣሉ። በእኔ እምነት የሌክቸር ትክክለኛ ቦታ እዚህ ነው፤ ከትግሉ በኋላ።

በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ አንድ የሚያሳስብ ነገር አሳይቷል። ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት በፈተና በልጠው ሳለ፣ ብዙ የተማሩ የመሰላቸው ሌክቸር ያዳመጡት ነበሩ። ስለዚህ ተማሪው ሲያጉረመርም ዘዴው አልሠራም ብሎ ለመተው መቸኮል አይገባም፤ ድካሙ ከምን እንደመጣ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

ለጎንደር የሕክምና ተማሪዎች የሚሆን ግማሽ ገጽ ለመጻፍ ገንዘብ አያስፈልግም። ጥቂት መምህራንና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ለምሳሌ፦ ከደጋ ወርዶ መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ ወጣት፤ ትኩሳቱ ለሳምንታት አልለቀቀውም፣ ከስቷል፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጧል። የወባ መድኃኒት ወስዶ አልተሻለውም። ምን ይመረመርለት? አብረውት የወረዱትስ?