የአንቱታ ቁመት

ድባጤ ገበያ ዳር፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። ቁመቱ ከእኛ ከአራተኛ ክፍል ልጆች ብዙም አይበልጥም። እግሩ እንዲደርስለት የሲንጀሩ መርገጫ ላይ እንጨት ቸንክሮበታል። የደንበኛ ትከሻ ሲለካ ዱካ ላይ ይቆማል። አንገት ሲለካ ግን ዱካውን አይነካም፤ ሜትሩን በሁለት እጁ ዘርግቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ቄሱም ሆኑ የወረዳው ሹም ራሳቸው ጎንበስ ይሉለታል።

ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ጢሙ ገብስማ የሆነ ሰው ነበር። እኛ ልጆቹ ግን «አንተ» እንለዋለን። የሱቁን ባለቤት «ጋሼ» ብለን ከረሜላ የገዛን ልጆች፣ ሁለት እርምጃ ተራምደን ሰፊው ዘንድ ስንደርስ «እንካ፣ ቁልፌን ስፋልኝ» እንላለን። ያረመን ትልቅ ሰው አልነበረም፤ ትልልቆቹም እንደዚያው ነበሩ። አሁን ሳስታውሰው የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። አማርኛ ዕድሜ የሚያከብር ቋንቋ ነው ብለን እንኮራለን፤ እዚያ በረንዳ ላይ ግን አንደበታችን ይለካ የነበረው ቁመት ነው።

ሰፊውን ያስታወሰኝ አሜሪካዊው ተዋናይ ፒተር ዲንክሌጅ ነው። ስሙን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አማርኛ ተናጋሪ «ዲንክሌጅ» ሲባል የሚሰማው «ድንክ ልጅ» ነውና፣ የኛ አገር ሰው ያወጣለት ቅጽል መስሎኝ ነበር። የቤተሰቡ ስም ነው፤ ከእኛ ቋንቋ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ቢሆንም ከበደኝ። «ድንክ» ለአልጋ ሲሆን ማንንም አያስከፋም፤ ለሰው ሲሆን ግን «ልጅ» የሚለውን ከኋላው አስከትሎ ይመጣል፤ ሰውዬው ቢሸብትም።

ዲንክሌጅ እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲወለድ አኮንድሮፕላዚያ የሚባለው የአጥንት እድገት ችግር አብሮት ተወለደ። ሐኪሞች የችግሩን ምንጭ፣ ኤፍጂኤፍአር3 በተባለ ዘረ-መል ላይ የሚደርስ ለውጥ መሆኑን፣ የደረሱበት በ1994 ነው። ችግሩ ይዟቸው ከሚወለዱ አሥር ልጆች የስምንቱ ያህል ወላጆች ሁለቱም መደበኛ ቁመት ያላቸው ናቸው፤ ለውጡ ሳይታሰብ የሚመጣ ነው። ይህን ሳነብ የሰፊው እናት ትዝ አለችኝ። ተረግማ ነው የሚሉ ነበሩ። ያለ ጥፋቷ ስንት ዓመት ተሸክማው ኖረች።

ወጣቱ ዲንክሌጅ በ1991 ከቤኒንግተን ኮሌጅ ተመርቆ ኒው ዮርክ ገባ። ማሞቂያ በሌለው ቤት እየኖረ፣ ለስድስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መረጃ ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ቆየ። ሥራ ጠፍቶ አልነበረም። የገና ሰሞን ሹል ኮፍያ አጥልቆ የሚዘል ተረት ፍጡር የሚፈልግ ሞልቷል። እሱ እንዲህ ያለውን እምቢ አለ። ኪራይ እየደረሰበት እምቢ ያለ ሰው ነው፤ ቆይቶ ካገኛቸው አራት የኤሚ ሽልማቶች ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ያ እምቢታው ነው።

እዚህ ላይ ዘኬዎስን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሉቃስ ቁመቱ አጭር እንደነበር ጽፎልናል፤ ሾላ ላይ መውጣቱንም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ዛፉ ላይ የወጣው ሊያይ እንጂ ሊታይ አልነበረም። አጭር ሰው በሄደበት ሁሉ የሚታይ ነው፤ የሚያይ መሆኑን ማን ልብ ይላል? ጌታ ከሾላው ሥር ሲደርስ በስሙ ጠራው፤ ከዚያ ቤቱ እንደሚያርፍ ነገረው። እንግዳ የሚያሳርፍ አባወራ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አባወራነቱ ታወጀለት።

ስንክሳርም በጥቅምት 20 አባ ዮሐንስ ሐጺርን ያስባል። መምህሩ አባ ባሞይ የሰጡትን ደረቅ እንጨት፣ ውኃ ከሩቅ እየቀዳ ሦስት ዓመት አጠጥቶ ያለመለመው መነኩሴ ነው። «ሐጺር» አጭሩ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቃሉን አልደበቀችውም፣ አላፈረችበትምም። ግን «አባ» ይቀድማል። ድባጤ ላይ እኛ የጎደለን ያቺ የምትቀድመዋ ቃል ነበረች።

ወደ ተዋናዩ ልመለስ። በ2003 ቶም ማካርቲ ጽፎ ያዘጋጀው «ዘ ስቴሽን ኤጀንት» የተባለ ፊልም ወጣ። ዲንክሌጅ ፊንባር የሚባል ሰው ሆኖ ይሠራል። ፊንባር ባቡር መመልከት ይወዳል፤ አንድ ወዳጁ ሲሞት የተወለትን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ወርሶ ብቻውን ሊኖር ይሄዳል። በመንገድ ሁሉ ሰው እሱን ያየዋል፤ እሱ ባቡር ያያል። አንድ ሌሊት መጠጥ ቤት ውስጥ ትዕግሥቱ ያልቅና ባንኮኒው ላይ ወጥቶ፣ ይኸው እዩኝ ብሎ ይጮኻል። የዘኬዎስ ሾላ ተገልብጦ ታየኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዝና፣ ከ2011 እስከ 2019 በቴሌቪዥን ድራማ የተጫወተው ቲሪየን ላኒስተር የተባለ ገጸ ባሕርይ ሳይቀር፣ በብዙዎች ተወርቷል። እኔ የምቆመው ከዝናው በኋላ በገጠመው ክርክር ላይ ነው። በ2022 ዲዝኒ የበረዶ ነጭና የሰባቱን ድንኮች ተረት እንደገና ሊሠራ መሆኑን ነቀፈ። ፊልሙ በ2025 ሲወጣ ሰባቱ በኮምፒውተር ተሠርተው መጡ። አጫጭር ተዋንያን ደግሞ እንጀራችን ተወሰደ ብለው አዘኑ። ማን ልክ ነው? ናይጄሪያዊው ቺኔዱ ኢኬዲዬዜ በ2002 ከኦሲታ ኢሄሜ ጋር «አኪ ና ኡክዋ» በተባለ ፊልም ላይ የልጅ ልብስ ለብሶ ሲረብሽ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ነበር። በዚያ ሥራ ራሱን ቻለ፣ አፍሪካ በሙሉ አወቀው። የሁለቱ ፊት ዛሬም በስልካችን ስቲከር ሆኖ ይላላካል፤ ስማቸውን ግን የምናውቅ ጥቂት ነን። እምቢ ያለውን አከብራለሁ። እሺ ያለውን የምወቅስበት አንደበት ግን የለኝም፤ ወቀሳዬ ሌላ ሚና ላልጻፈላቸው ነው።

አንዳንድ ማታ «ዘ ስቴሽን ኤጀንት»ን በሐሳቤ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ክሊዮ የምትባል ትንሽ ልጅ፣ ትምህርት ቤታችን መጥተህ ስለ ባቡር ንገረን ትለዋለች፤ በእንግሊዝኛ «አንተ»ም «እርስዎ»ም አንድ ቃል ነው። እኔ «ጋሼ፣ ይምጡልን» አስብላታለሁ። እዚህ ላይ አላመነታም። የሚቸግረኝ ጆ ነው። ቡናና ምግብ በመኪና የሚሸጥ ለፍላፊ፣ ፊንባርን በግድ ጓደኛው ያደረገ። እሱ «እርስዎ» ቢለው ፍቅሩ ይሞታል። «አንተ» ይበለው ካልኩ ደግሞ ያ የገበያው «አንተ» ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል።

ሰፊውና ባለሱቁ ገበያ ሲበተን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ሲንጀሩ ተከድኖ፣ ዱካው ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁለቱ እስኪመሽ ያወራሉ። ባለሱቁ «አንተ» ይለዋል፤ እሱም ባለሱቁን «አንተ» ይለዋል።