የእማዬ ደጅና የሪሞቱ ነገር

ሰሞኑን አንድ ከባድ ውሳኔ ይዞኝ ነው የከረመው። ስለ ትዳር እንዳይመስላችሁ። ሥራ ስለመቀየርም አይደለም። ስለ መጋረጃ ነው።

“ደግሞ መጋረጃ ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደናንተው ነበር የማስበው። የበረንዳ የውጭ መጋረጃ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ “እህቴ፣ ማንዋል ነው በሞተር?” ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። ዕጣው የወጣልን ቀን እማዬ እልል ብላ ሰፈሩን ቀውጣው ነበር፤ ያኔ አራተኛ ፎቅ ለእሷ ምንም አልነበረም፤ ዘምቢሏን አንጠልጥላ በቀን ሦስቴ ትወጣዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። እግዚአብሔር ይመስገን አፏም ልቧም ደህና ነው፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እግሯም ቤት ውስጥ በከዘራ እንጂ ደረጃ አይችልም። ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በቀር አትወርድም።

ስለዚህ የእማዬ ደጅ በረንዳው ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ፣ በዘይት ጣሳ የተተከለ ጤና አዳምና በሶብላ አላት። ማን ጤፍ አስጭኖ እንደመጣ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደገባ፣ የትኛው ብሎክ ለቅሶ እንዳለ ከእሷ የሚያመልጥ ነገር የለም። ከታች የሚያልፈው ሁሉ ቀና ብሎ “እንዴት ዋሉ?” ይላታል፤ እሷም ከላይ ትመርቃለች።

ችግሩ በረንዳችን ወደ ምዕራብ የዞረ መሆኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች የበላያችን ቤት ሶሌታ ይከልልናል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ትልና ከሶሌታው ሥር ሰተት ብላ ትገባለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቶ ስለሆነ ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ እንኳ ፀሐይዋ ቆዳ ትጠብሳለች። “ዳር ላይ ቋሚ ጣሪያ ቢጤ አስቀጥዪ” ያለኝም ነበር። ግን የምትገባው ፊት ለፊት ነው፤ ያውም በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየሸሸች። ለእሷ የሚሆነው የሚወርድና የሚወጣ ነገር ብቻ ነው።

እማዬ ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ወንበሯን ትታ ሳሎን ትገባለች፤ ፊቷን ከግድግዳ ጋር አድርጋ ትቀመጣለች። ልብ በሉ፤ ይህ ሰዓት ተማሪ ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛ ከሥራ የሚመለስበት ነው። ሰው የሚበዛበት ሰዓት ላይ ደጇ ይዘጋባታል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ከውስጥ በኩል ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ። ሳሎኑ ጨለመ እንጂ አልቀዘቀዘም። ለካ ፀሐይዋ አንዴ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነገሩ አብቅቷል፤ መጋረጃው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ይቀራል። መከልከል ያለባት ከውጭ ነው። ከዚያ በረንዳው ላይ አንሶላ በሚስማር ወጠርኩ። የየካቲት ነፋስ መጥቶ ነቅሎት የጎረቤት ብሎክ ጣሪያ ላይ አለበሰው። እስካሁን እዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ አየዋለሁ።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ባለሱቁ ሪሞቱን አንስቶ ተጫነ። ጥቅሉ “እምምም” እያለ በዝግታ ወረደና ልክ ወለሉ ጋ ሲደርስ በራሱ ቆመ። ወደድኩት። አሠራሩንም ጠየቅኩ፤ ሞተሩ ጨርቁ የሚጠቀለልበት ቧንቧ ውስጥ ተደብቋል፤ የት ጋ እንደሚቆም አስቀድሞ ይሞላለታል፤ አንዴ ለመውረድ ከደቂቃ ያነሰ ስለሚፈጅበት የመብራት ቆጣሪን የሚያስደነግጥ አይደለም። ነፋስ ሲበረታ በራሱ የሚጠቀልል መሣሪያም ይጨመርለታል። ዋጋው ከማንዋሉ እጥፍ በላይ ነው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ዕቁቤ መቼ እንደሚደርሰኝ ማስላት ጀምሬ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከቤት የምወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የምመለሰውም ከምሽቱ አንድ ሰዓት። አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ እማዬ ብቻዋን ናት፤ የጎረቤታችን ሴትዮ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ እያለች ታያታለች እንጂ። ባለሱቁ ሪሞቱን ሲጫን የታየኝ መጋረጃ አልነበረም። እኔ በሌለሁበት የሚያገለግላት ሌላ ልጅ ነው የታየኝ። ሰው ጥፋተኝነት ሲሰማው ውድ ነገር ደስ ይለዋል መሰለኝ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። በደስታ ትመርቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

“መብራት ሲሄድስ?” አለችኝ።

“ኧረ እማዬ፣ ሕዳሴው እኮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል! ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ!”

“ግድቡ ጉባ ነው ያለው፤ ሽቦው የኛ ሰፈር ነው” አለችኝ።

አስቡት እስቲ። መሐንዲስ በሁለት ገጽ የሚያብራራውን እማዬ በአንድ አፍ ዘጋችው። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ብሎክ ድረስ ሳይቆራረጥ ማድረስ ደግሞ ሌላ። ቀጥላም “ደግሞ መብራት የሚሄደው መቼ ነው? ነፋስ ሲነሳ፣ ዝናብ ሲያጓራ አይደለም? መጠቅለል ያለበት ያኔ ነው። ተንጠልጥሎ ሲቀደድ ቁጭ ብዬ ላየው ነው?” አለች።

መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እውነቷን ነው። በነፋስ ጊዜ የወረደ መጋረጃ የጀልባ ሸራ ማለት ነው፤ ማቀፊያውን ይዞ ሊነቀል ይችላል። በራሱ የሚጠቀልለው መሣሪያም ቢሆን የሚሠራው መብራት ካለ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ባለሱቁን አፋጠጥኩት። ሁለት መፍትሔ አሳየኝ። አንደኛው መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚዞርበት ቀዳዳ ያለው ሞተር ነው። ግን ቀዳዳው ጥቅሉ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ መሰካት ይጠይቃል፤ እማዬ እጇን ከትከሻዋ በላይ አታነሳም። ሁለተኛው ባትሪ ያለው፣ በትንሽ ሶላር የሚሞላ ነው። ይህኛው በእውነት አማለለኝ። ነገር ግን እሱ ያለው ዓይነት በእጅ ማዞሪያ የለውም፤ ባትሪው ወይም ሪሞቱ ከተበላሸ ሠሪው አራት ፎቅ ወጥቶ እስኪያየው ድረስ ባለበት ይቀራል። (ሪሞት ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚደርስበት የቴሌቪዥናችን ይናገር። ሁለተኛው ነው፤ ጀርባው በፕላስተር ነው የተያዘው።)

“ማንዋሉስ?” ስለው ሁለት ዓይነት እንዳለ ነገረኝ። አንዱ በሰንሰለት የሚጎተት ነው። እሱን ወዲያው ተውኩት። የጎረቤታችን የሦስት ዓመት ልጅ ውሎዋ እማዬ እግር ሥር ነው፤ ተንጠልጥሎ የሚቀር ቀለበት የሕፃን አንገት ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሌሎች አገሮች በዚህ ልጆች ሞተዋል። ልጅ ያለበት ቤት ካላችሁ ይህቺን ነገር አትርሷት። ሌላው በማዞሪያ ዱላ የሚሠራ ነው። ዱላው ሲፈልጉ ይነቀላል፤ ጥርሱ ሸክሙን ስለሚያቀለው ብዙ ዙር ያስዞራል እንጂ ጉልበት አይጠይቅም።

ቅዳሜ ልኬት ሊወስድ አንድ ወጣት መጣ። አራቱን ፎቅ የወጣው ናሙናውን ተሸክሞ ነው። ጠረጴዛ ላይ አቆመውና ማዞሪያውን ለእኔ ሰጠኝ። እማዬ ከወንበሯ ሆና “ወዲህ አምጪው” አለች።

በግራ እጇ ያዘችው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ማዞር ጀመረች፤ እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። አስራ ሁለተኛው ላይ ቆመች። ልጁ ጎንበስ ብሎ “ማዘር፣ ላግዝዎት?” ሲላት፣

“ተው” አለችው።

ትንሽ አረፍ አለችና ቀጠለች። ሠላሳ አራት ዙር። ጨርቁ ታች ሲደርስ ቀና ብላ አላየችንም፤ ማዞሪያውን ወደ ኋላ እያዞረች መልሳ ትጠቀልለው ጀመር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም ሳያግዛት ጀምራ የጨረሰችው ነገር ብዙ የለም። እኔና ልጁ ዝም ብለን ቆመን አየናት።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝና “የደከመሽ ቀንስ?” አልኳት።

“የደከመኝ ቀን እተኛለሁ። ያን ቀን ፀሐይዋ እንደፈለገች ትግባ።”

በዚሁ ማንዋል ሆነ።

ሞተር መጥፎ ነው እያልኳችሁ አይደለም። መጋረጃው በጣም ሰፊና ከባድ ከሆነ፣ ወይም እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እጁ የማይታዘዝለት ሰው ካለ በሞተር የሚሠራው ይሻላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሪሞቱ ቅንጦት አይደለም። የእናቴ ግራ እጅም አንድ ቀን እምቢ ካለ እኔም ሄጄ ሞተሩን እገዛለሁ። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት “የትኛው ዘመናዊ ነው?” ከማለት “በዚያ ሰዓት ቤት ያለው ማን ነው? መብራት ሲጠፋ እሱ ምን ማድረግ ይችላል?” በሉ። እኔ አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቤት የማልገኘው ሰውዬ፣ ይቅርታ ሴትዮ፣ ምርጫውን ለራሴ ልቤ ማረፊያ ላደርገው ነበር።

ለምትገዙ ደግሞ ከልጁ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ማቀፊያውን ብሎኬት ላይ አታስመቱ፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቡሎኑ ይላቀቃል፤ የሚይዘው ኮንክሪቱ፣ ማለትም ቢሙ ወይም ሶሌታው ነው። ሁለተኛ፣ የኮንዶሚኒየም የውጭ ግድግዳ የጋራ ነውና ድሪል ከመነሳቱ በፊት የሕንፃውን ኮሚቴ አነጋግሩ። ሦስተኛ፣ ዝናብ የመታውን ጨርቅ እርጥቡን ጠቅልላችሁ አታሳድሩት፤ ይሻግታል። አራተኛ፣ ድፍን ሸራ ከምትወስዱ እንደ ወንፊት የተሠራውን ውሰዱ፤ ጠቆር ያለ ቀለም ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበልጥ ያሳያል። (ማታ ውስጥ መብራት ካበራችሁ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያያችኋል።)

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ብሎካችን ሥር ደርሼ ቀና ስል ፀሐይዋ ሕንፃውን ፊት ለፊት ትመታዋለች። የእኛ መጋረጃ ወርዷል። ከጀርባው ምንም አይታይም። ተኝታ ይሆናል ብዬ ወደ ደረጃው ልገባ ስል፣

“ምነው ዛሬ በጊዜ መጣሽ? ደህና ነሽ?” የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

እኔ አላየኋትም። እሷ ግን ከአስፋልቱ ጀምሮ አይታኛለች።

ቸር እንሰንብት!