ለአራስ ገንፎ፣ ለነፍሰ ጡርስ?

አራስ በመንከባከብ ልማዳችን እኮራለሁ። ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ ገንፎ ያገነፋል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ አጥሚት ይቀርባል፣ የቻለም ሙክት ያርዳል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ዘጠኙ ወር ካለፈ በኋላ ነው። ያቺው ሴት ነፍሰ ጡር ሳለች ከቤተሰቡ ሁሉ ኋላ የተረፈውን ስትቀምስ፣ «ፅንሱ ይገዝፍና ምጥ ይበረታብሻል» እየተባለች ከጉርሻዋ ስትቀንስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ነገሩን ደጋግሜ እንዳስብበት ያደረገኝ የሆላንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 የአገሪቱ የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ የናዚ ጦር ወደ ምዕራቡ ክፍል የሚገባውን ምግብ አገደ። በዚያ ክረምት የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ አገሪቱ በግንቦት 1945 ነፃ እስክትወጣ ድረስም ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በረሃቡ ወቅት የተፀነሱ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ ሰዎችን ረሃቡ ካልነካቸው ወንድምና እኅቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። ከዕድገት ጋር በተያያዘው «አይ ጂ ኤፍ 2» በተባለው ጂን ላይ ያለው የሜቲል ምልክት ቀንሶ ተገኘ። ረሃቡ በእርግዝና መጨረሻ በደረሰባቸው ላይ ግን፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ቢሆንም፣ ይህ ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቢያ ገጠር የተደረገ ጥናትም የእናት አመጋገብ በፅንሱ መጀመሪያ ከሕፃኑ የሜቲል ምልክት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ድጓ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማውን የሚመሩት ከቃሉ በላይ የሰፈሩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። ኢፒጄኔቲክስ የሚባለው ዕውቀትም የዘር ጽሕፈቱ ሳይለወጥ በላዩ ስለሚሰፍሩት ምልክቶች ያጠናል። እርግጥ ምልክቱ ብቻውን በሽታ ማለት አይደለም።

የምፈራው ይህ ዕውቀት እናቶችን መውቀሻ ሌላ ዱላ እንዳይሆን ነው። የሆላንድ እናቶች መሶባቸውን ራሳቸው አልዘጉም፤ የዘጋው ጦር ነው። በእኛም ቤት ማን አስቀድሞ እንደሚበላ የምትወስነው ነፍሰ ጡሯ ብቻ አይደለችም። ባልም አማትም ጎረቤትም አለበት።

ገንፎው አይቅር። ነገር ግን ፅንሱ ገና እናቲቱ እንኳ ሳታውቀው ምልክቱን መቀበል ከጀመረ፣ እንቁላሉም ምስሩም ጎመኑም ቀድሞ ለእሷ ይቅረብ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ጉዳይም ይሠራል።