ቀስ ማለት ቢት አያድንም

ሲኤንሲ ላይ የሚሠራ ሐበሻ፣ አዲስ አበባም ይሁን ሲያትል፣ አራተኛው አክሲስ ሲገጠም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኤፍ ስንት ላድርግ? መልሱ ግን ከሁለት የተለያዩ ፍርሃቶች ይመነጫል። ሀገር ቤት የሚፈራው ቢቱ እንዳይሰበር ነው። እኔ ባለሁበት በሲያትል የሚፈራው ለሥራው የተሰጠው ደቂቃ እንዳያልፍ ነው። ሁለቱንም ዓይነት ቤት አይቻለሁ፤ ቢት ቶሎ የሚጨርሰው የመጀመሪያው ፍርሃት ነው ብል ብዙ ባለሙያ ይከራከረኛል። ይሁን፤ ቁጥሩን እንይ።

ሦስት አክሲስ ላይ ኤፍ 500 ማለት በደቂቃ 500 ሚሊ ሜትር ነው፣ አለቀ። ዕቃው መዞር ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ዕቃውን የሚያዞረው ኤ አክሲስ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ብዙ ማሽን ያንኑ ቁጥር በደቂቃ 500 ዲግሪ ብሎ ያነበዋል። ዲግሪ ደግሞ ርቀት አይደለም። ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ እንጨት ላይ 500 ዲግሪ ማለት ቢቱ 436 ሚሊ ሜትር ቆረጠ ማለት ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ ግን 87 ብቻ። ስለዚህ ገጹ ላይ የምንፈልገውን ፍጥነት በ114.6 አባዝተን ለዲያሜትሩ ማካፈል አለብን። 500 ሚሊ ሜትር ከፈለግን ለ100 ዲያሜትር 573 ዲግሪ፣ ለ20 ዲያሜትር 2865 ዲግሪ ይወጣል። 2865 የሚለውን ቁጥር ማሽን ላይ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ብዙ ሰው አይጽፈውም።

ሀገር ቤት እኔ ያየሁት ተሽከርካሪ አክሲስ በአብዛኛው ከብረት ቤት ይልቅ እንጨት ቤት ነው ያለው። የአልጋ እግር፣ የደረጃ ድጋፍ፣ የሳሎን ዓምድ፣ ሁሉም ከቻይና በመጣ ራውተር ይቀረጻል። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ እውነተኛ አራተኛ አክሲስ የላቸውም። ኦፕሬተሩ የዋይ ሞተርን ገመድ ነቅሎ ማዞሪያው ሞተር ላይ ይሰካል፤ ማሽኑም ዋይን የሚያንቀሳቅስ መስሎት እንጨቱን ያዞራል። ለአንድ ሚሊ ሜትር ስንት ፐልስ እንደሚላክ የሚስተካከለው በአንድ ዲያሜትር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንጨቱ ወፍራም ዲያሜትር። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ በርካሽ ዋጋ አክሲስ ያስገኛል። መዘዙ ያለው ግን ኤፍ ላይ ነው፤ ቁጥሩ እውነት የሚሆነው በዚያችው ዲያሜትር ላይ ብቻ ነውና።

አንድ የሶፋ እግር እንውሰድ። ወፍራሙ ቦታ 100 ሚሊ ሜትር፣ አንገቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ስፒንድሉ በደቂቃ 18,000 ይዞራል፣ ቢቱ ሁለት ጥርስ አለው፣ እያንዳንዱ ጥርስ 0.1 ሚሊ ሜትር እንዲያነሣ እንፈልጋለን። ሦስቱን ስናባዛ ኤፍ 3600 ይሆናል። ወፍራሙ ላይ ልክ ነው። አንገቱ ጋ ሲደርስ ግን ገጹ ላይ ያለው ፍጥነት ሳይታወቅ ወደ 1440 ይወርዳል፣ ጥርሱም 0.04 ብቻ ያነሣል። አሁን ኦፕሬተሩ ፈርቶ የማሽኑን ፍጥነት ግማሽ ላይ አድርጎታል እንበል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያደርገዋል። 720 ሆነ፣ በአንድ ጥርስ 0.02 ሚሊ ሜትር። ይህ መቁረጥ መባሉ ቀርቷል፤ ማሸት ነው። ስለቱ እንጨቱን እያሸ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ስለቱን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘው ስለት የበለጠ ያሻል። አንገቱ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይታያል። ዋንዛ ላይ ያ ቀለበት ደጋግሞ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፈተገ አይለቅም፤ የፈታጊውን ድካም ግን ማንም የኤፍ ዕዳ ብሎ አይቆጥረውም።

ይህን ስናገር አንድ ወጣት ኦፕሬተር የመለሰልኝ፦ «ጋሼ፣ ቀስ ካላልኩት ይሰበራላ! አንድ ቢት ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር፣ ከውጭ የሚገባ ቢት የሚይዝ እጅ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም። ግን ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። በደቂቃ 18,000 እየዞረ በ3600 ፋንታ ቀስ ብሎ በ720 የሚሄድ ቢት ለአንድ ሜትር ሥራ እንጨቱን የሚነካው አምስት እጥፍ ጊዜ ነው። ዕድሜው የሚያልቀው በነካው ቁጥር ነው። መፍራት ካለብን ኤፍን ብቻችንን አንቀንስ፤ የስፒንድሉን ዙርም አብረን እናውርድ። ኢንቨርተሩ ላይ ያለችው ማዞሪያ ለዚሁ ነው የተቀመጠችው። ከመጠን በላይ ካወረድናት ስፒንድሉ ጉልበት ያጣል፤ በልክ ከሆነ ግን ጥርሱ የሚያነሣው መጠን ይጠበቃል። ምልክቱም መሬት ላይ ነው፦ ጤነኛ ቁርጥ ሰጋቱራ ይጥላል፣ የታመመው ዱቄት ያቦናል።

ለነገሩ የድሮዎቹ የፍሬዛ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በእጃቸው ያውቁት ነበር። ዲቫይዲንግ ሄድ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ዕቃውን አንድ ጊዜ ያዞራል። ባለ 27 ጥርስ ማርሽ ለመቁረጥ አንድ ሙሉ ዙር እና ባለ 27 ቀዳዳው ክብ ላይ 13 ቀዳዳ ይቆጥራሉ። ጠመዝማዛ ጥርስ ሲቆርጡ ጠረጴዛውን ከዲቫይዲንግ ሄዱ ጋር በማርሽ ያያይዙታል፤ ፊዱ የሚሰጠው ለጠረጴዛው ነው፣ መዞሩ ተከትሎ ይመጣል። ጠመዝማዛው 45 ዲግሪ ካዘነበለ ቢላው በእውነት የሚጓዘው ጠረጴዛው ከሚጓዘው 1.41 እጥፍ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፊዱን አስቀድሞ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ዕውቀት ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ፍሬዛ ለተማረ ይደርስ ነበር፤ ሲኤንሲው ሲመጣ ግን ዲቫይዲንግ ሄዱን ከነዕውቀቱ ጥግ አስያዝነው።

አሁን ወደዚህ ማዶ። ከሲያትል በስተደቡብ ያለችው ኬንት ለአውሮፕላን ፋብሪካ ክፍል የሚሠሩ ወርክሾፖች የሞሉባት ከተማ ናት። እዚህ ኤፍን ኦፕሬተር አይወስንም። ፕሮግራመሩ ካም ሶፍትዌር ላይ ያስባል፣ ፖስት ፕሮሰሰሩ ይጽፋል፣ ማሽኑ ይታዘዛል። ለተሽከርካሪ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጂ93 ነው። በጂ93 ኤፍ ፍጥነት መሆኑ ቀርቶ የጊዜ ግልባጭ ይሆናል፦ አንዱ መስመር በስንት ደቂቃ ይለቅ የሚለውን አንድን ለዚያ ደቂቃ አካፍሎ ይጽፈዋል። እያንዳንዱ የመቁረጫ መስመር የራሱ ኤፍ ያስፈልገዋል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ጂ94 መመለስም ግዴታ ነው።

ለምን ይህን ያህል ጣጣ? ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ ኤክስ 20 ሚሊ ሜትር እየሄደ ኤ 90 ዲግሪ እንዲዞር እንዘዝ፣ ኤፍ 500 ብለን። ቢላው በእውነት የሚጓዘው 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ5.3 ሰከንድ መጨረስ ነበረበት። ፋኑክ የሚባለው መቆጣጠሪያ ዲግሪውን እንደ ሚሊ ሜትር ቆጥሮ ከኤክስ ጋር ሰያፉን ስለሚለካ 11 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ማለትም ከግማሽ በታች በሆነ ፍጥነት ያሻል። ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ደግሞ ልክ እንደ ድሮው ፍሬዛ ኤክስን ብቻ ይለካል፤ በ2.4 ሰከንድ ይጨርሳል፣ ቢላው ከ1100 በላይ ይሮጣል፣ ብረት ላይ ከሆነ ሊሰበር ይችላል። አንድ መስመር፣ አንድ ኤፍ፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለቱም ስሕተት። ጂ93 ላይ ኤፍ 11.35 ብለን ብንጽፍ ግን ሁለቱም 5.3 ሰከንድ ይሆናሉ።

ሃስ ማሽኖች ሌላ መንገድ አላቸው። ሴቲንግ 34 ላይ የዕቃው ዲያሜትር ይሞላል፤ ማሽኑ ራሱ ኤፍን ወደ ዲግሪ ይለውጣል። ጥሩ ነው፣ ግን የትናንቱ ሥራ ዲያሜትር እዚያው ተቀምጦ ከቀረ የዛሬው ሥራ በትናንቱ ይቆረጣል። እዚህ ያሉ ወጣቶች ይህን ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል፤ ፖስቱ የጻፈውን ቁጥር ማንበብ አልለመዱምና። ፕሮግራሙ ትክክል ሲሆን ሁሉ ነገር ያምራል፣ ሲሳሳት ግን ድምፁን ሰምቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው ያንሳል። በዚህ በኩል ሀገር ቤት ያለው ልጅ ይበልጣል፤ ጆሮው ሥራ ፈቶ አያውቅም። የጎደለው ዲያሜትሩን መጻፍ ነው።

ገመድ እየቀያየራችሁ ለምትሠሩ አንድ ቀላል መውጫ አለ። ቢቱ እንጨቱን ዙሪያውን እየዞረ ከሚቀርጽ ይልቅ በርዝመቱ እንዲመላለስ አድርጉት፣ ማዞሪያው በየጫፉ ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀስ። ያኔ የሚቆርጠው ኤክስ ነው፣ ዲያሜትር ምንም አያገባውም፣ 3600ው አንገቱም ላይ ከሞላ ጎደል 3600 ነው።  ዙሪያውን መቀረጽ ያለበት ሥራ ከመጣ ደግሞ የተስተካከለበትን ዲያሜትር ማሽኑ ላይ በማርከር ጻፉት፣ አንገቱን ለብቻ ፋይል አድርጉና ከፍ ባለ ኤፍ አስኬዱት።

እኛ ውጭ ያለነው ደግሞ በሻንጣ ቢት መላክ እንወዳለን። ቢቱን ስንልክ አምራቹ ለየቁሱ በአንድ ጥርስ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያነሣ ያወጣውን ሰንጠረዥ አትመን፣ ኢንቹን ወደ ሚሊ ሜትር ለውጠን አብረን እንላክ። ሀገር ቤት የሚደርሰው ቢት ብዙውን ጊዜ ያለ ወረቀት ነው።