ጓዝ ሲጠቀለል

የአዲስ አበባዋ ፒያሳ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮቿ ሲፈርሱ፣ ብዙ ቤተሰብ በአጭር ጊዜ ጓዙን ሸክፎ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ውድ እህትና ወንድሞች! ቤት ለመልቀቅ ስንሰናዳ ጉልበታችንን የሚያዝለው የዕቃው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ግድግዳ ተጋርተን፣ ቡና ተጠራርተን የኖርነው ጎረቤት ትዝታም ነው። ስለዚህ ሥራውን በቀን አንድ ጥግ እያልን እንክፈለው። ከቁም ሳጥን አናት እንጀምር፤ የተረፈንን ለቸገረው እንስጥ። ልጆችም ደብተርና ልብሳቸውን ራሳቸው ይሸክፉ። የዕድሩን ነገር ሳንነጋገር አንሂድ። ጀበናና ረከቦቱ መጨረሻ ይታሰሩ፤ ጎረቤት ጠርተን አፉ የምንባባልባቸው ናቸውና። አዲሱ ቤት ስንደርስ ግን ቀድመው ይፈቱ፤ የማናውቀውን ጎረቤት ደጅ የምናንኳኳበት ምክንያት ይሆኑናል።